ምስል ውስጥ የታሰረ ጽሑፍ፦ የትዕይንት ገለጻ ደረጃዎች ከባቲ ገበያ አንጻር ሲዳሰሱ

ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል የምትገኘው ይህች ከተማ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አርጎባውንና አፋሩን በየሳምንቱ አንድ ሜዳ ላይ ታገናኛለች። ባቲ ያለችበትና መቀመጫው ከሚሴ የሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጽፈውም በቁቤ ነው። የአማራ ክልል ግን በአማርኛ ይሠራል፣ በፊደል ይጽፋል። ግመሉን እየነዳ ከቆላ የሚወጣው ነጋዴ ደግሞ አፋርኛ ተናጋሪ ነው። ለዚህ ገበያ የስልክ አገልግሎት ይሠራ ቢባል፣ ለምሳሌ የከብትና የእህል ዋጋ የሚያሳይ፣ የእንስሳት በሽታ ምልክቶችን በሥዕልና በድምፅ የሚያስረዳ፣ ሲነኩት መልስ የሚሰጥ፣ ሠሪው ካሜራ ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ይህ ሁሉ በምን ቋንቋ ይጻፍ? ጥያቄው ስለ ኮምፒውተሩ ቋንቋ ነው፤ ሆኖም በሰዎቹ ቋንቋ ላይ የሚያሳድረው ውጤት ቀላል አይደለም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ እንዲህ ላለ ቦታ የትዕይንት ገለጻ ደረጃ ከሁሉ አስቀድሞ ጽሑፉንና ቋንቋውን የት እንዳስቀመጠ ታይቶ ይመዘን የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሲታዩ፣ ሞቱ ተብለው የተረሱ አንዳንድ ደረጃዎች ዛሬ ከነገሡት ይልቃሉ።

የትዕይንት ገለጻ ማለት በስክሪኑ ላይ ምን እንዳለ፣ የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደሚታይና ተጠቃሚው ሲነካው ምን እንደሚሆን ማሽን በሚያነበው መልክ መጻፍ ነው። ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ቪዲዮውና ጽሑፉ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ገለጻው እነዚህን ያሰናስላቸዋል። ተራ ቪዲዮ የዚህ ተቃራኒ ነው። እንደ ተፈጨ በርበሬ ነው፤ ዝንጅብሉ በዛ ተብሎ ተለይቶ አይወጣም። በቪዲዮ ላይ የታተመ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጽሑፍነቱ አብቅቶ የቀለም ነጠብጣብ ሆኗል። ፍለጋ አያገኘውም፣ ለዓይነ ስውር ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አያነበውም፣ ወደ ኦሮምኛ ለመመለስም ሥራውን ከመነሻው መድገም ይጠይቃል። ትዕይንቱ ተጽፎ ከሆነ ግን የሚቀየረው አንድ መስመር ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ልዩነት በብዙ ገንዘብ ተምራዋለች፤ ቢያንስ ልትማረው ይገባ ነበር። በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና ሰው ሁሉ «ፕላዝማ» የሚለው የሳተላይት ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በተወሰነለት ሰዓት ለአገሪቱ ይሠራጭ ነበር። ተማሪው ሳይገባው ሲቀር መምህሩ ማስቆም አይችልም፤ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ጥናት ያደረጉ ሰዎች ደጋግመው የጻፉት ይህንኑ ነው፦ ፍጥነቱ፣ የእንግሊዝኛው ክብደትና መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች መሆኑ። እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። የፕላዝማ ችግር የማስተማር ዘዴና የቋንቋ ፖሊሲ እንጂ የፋይል ዓይነት አልነበረም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ማንኛውም ደረጃ መጥፎ ትምህርትን ጥሩ አያደርግም። ሌላው ግማሽ ግን መታየት አለበት። ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ማረም ለምን ያን ያህል ከበደ? ሥዕላዊ መግለጫው፣ የእንግሊዝኛው ትረካ፣ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍና ፍጥነቱ በአንድ የቪዲዮ ፍሰት ውስጥ ስለተዋሐዱ ነው። ትረካውን ብቻ ወደ አፋን ኦሮሞ መለወጥ ወይም በየምዕራፉ መምህሩ እስኪነካው የሚቆም ማቆሚያ ማስገባት አዲስ ምርት ከመሥራት አይተናነስም ነበር። የፖሊሲ ስህተት በፖሊሲ ይታረማል፤ የሥራው አቀማመጥ ግን ያንን እርማት ርካሽ ወይም ውድ ያደርገዋል።

የሚያሳዝነው፣ ፕላዝማ ሲጀመር ሌላ አቀማመጥ ከታሰበ ዓመታት አልፈው ነበር። በ1994 ሐሳቡ የተወለደውና በ1997 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ቪአርኤምኤል ባለ ሦስት አውታር ዓለምን እንደ ዛፍ ይጽፋል፦ ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ቅርጽ፣ መብራት፣ ድምፅ ወይም ጽሑፍ። ንክኪን የሚሰማ ክፍል አለው፤ ንክኪውን ከእንቅስቃሴ ጋር የሚያያይዝ መስመርም አለው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የፊደል ቅርጽን የሚወስነው ክፍል ውስጥ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ የሚነገርበት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚሄድ የሚታዘዝበት ቦታ መኖሩ ነው። የወሎ ዑለማዎች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ያቆዩትን የዐጀም ጽሑፍ በትዕይንት ውስጥ ማስገባት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ1999 የወጣው ኤምፔግ-4 ይህንኑ ዛፍ ወርሶ ቢፍስ የተባለ ደረጃ ሠራ። ቢፍስ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ ገለጻውን በሁለትዮሽ ጠቅልሎ አሳነሰው። ሁለተኛ፣ ትዕይንቱን እንደ ፍሰት እንዲላክ አደረገ፦ አንዴ ከተላከ በኋላ «ይህን ጨምር፣ ያንን አጥፋ፣ ይህን በዚያ ተካ» የሚሉ ጥቃቅን ትእዛዞች ብቻ ይከተላሉ። የፍየል ዋጋ ሲቀየር አሃዙ ብቻ ይጓዛል እንጂ ስክሪኑ በሙሉ እንደገና አይወርድም። ድምፁና ቪዲዮውም በትዕይንቱ ውስጥ አልታሸጉም፤ ገለጻው በስም ይጠራቸዋል፣ እያንዳንዱም ቋንቋው ሊጻፍበት ይችላል። ደቡብ ኮሪያ በ2005 በጀመረችው የሞባይል ቴሌቪዥን ለመስተጋብራዊ ገጾች የመረጠችው ቢፍስን ነበር። በ2006 የተከተለው ሌዘር ደግሞ ያንኑ የማዘመን ሐሳብ ትንሽ አቅም ላላቸው ስልኮች፣ በሁለት አውታር ሥዕል ላይ አመጣው። ሁለቱም በዓለም ገበያ አልሰፉም። ደረጃው ሰፊና ውስብስብ ነበር፤ ማዘጋጃ መሣሪያዎቹም ጥቂት ነበሩ። ጂፓክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር እስከ ዛሬ ቢያስታውሳቸውም፣ ስልክ አምራቹና የድረ ገጽ ማሰሻው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

ለእኛ ግን ሌላም እንቅፋት ነበር፤ ከዚህ ዳሰሳ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ይመስለኛል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው፤ ማለትም ቪአርኤምኤል ደረጃ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ። ከገባም በኋላ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፎንት ካልተጫነ የሚታየው ባዶ ሣጥን ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት የአገር ውስጥ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በላቲን ቁልፎች ቦታ ደብቀው ያስቀምጡ ስለነበር ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝርዝር ይሆናል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ነገር አደረገ፦ አማርኛውን ወደ ሥዕል ለወጠው። ሥዕል የትም ቢሄድ አይበላሽም። ጽሑፍን በምስል ውስጥ የማሰር ልማድ የመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከዚህ ጥንቃቄ ነው። ፎንትን ከገጹ ጋር አብሮ የሚልከው ዎፍ በ2012 ደረጃ ሲሆን ምክንያቱ አበቃ። ልማዱ ግን እስካሁን አለ፤ በቴሌግራም የሚዞረውን ማስታወቂያ ሁሉ መመልከት ይበቃል።

ባለ ሦስት አውታር ዓለምን ከሚጽፉት ደረጃዎች ይልቅ ለባቲ የሚቀርቡት ጊዜን የሚያሰናዱት ናቸው። የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር በ1998 ያወጣው ስማይል ስለ ቅርጽ ብዙ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው ስለ ቅደም ተከተል ነው፦ ይህ ከዚያ በኋላ፣ ይህ ከዚያ ጋር እኩል፣ ይህ ሲነካ ያ ይቁም። በዚህ ቀላል ሰዋስው ውስጥ «መራጭ» የሚባል ክፍል አለ። ሠሪው ሦስት ትረካዎችን፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የአማርኛና የአፋርኛ፣ ደርድሮ ያስቀምጣል፤ ማጫወቻው የተጠቃሚውን ቋንቋ አይቶ አንዱን ያነሣል። እዚያው ቦታ የመስመሩ ፍጥነት ይጠየቃል፦ ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነ ቪዲዮ፣ ደካማ ከሆነ ተከታታይ ፎቶ፣ በጣም ከወረደ ድምፅ ብቻ። ይህን ያሰቡት ሰዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ በስልክ ሽቦ የሚያዘግሙ ሞደሞች ታይተዋቸው ነው። ሆኖም ለከሚሴ ዙሪያ ገጠር የዛሬ ሁኔታ ከዚህ የተሻለ ግምት ያደረገ ኋለኛ ደረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በ2001 የመጣው የኤስቪጂ ሥዕልም ያንኑ መራጭ ወርሷል፤ አንድ የላም ሥዕል፣ በየአካል ክፍሏ ላይ በሦስት ቋንቋ ስም፣ ሁሉም በአንድ ፋይል፣ ሁሉም ሊፈለግና ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ሆኖ።

ስማይል ሞተ ይባላል። በማሰሻ ውስጥ በራሱ ስም አይኖርም፤ ክሮም እንኳ በ2015 በኤስቪጂ ውስጥ ያለውን የስማይል እንቅስቃሴ ሊያስወግድ አስቦ ቆይቶ ሐሳቡን ተወ። ዳሩ ግን ደረጃ የሚሞተው ስሙ ሲጠፋ ነው ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። የሞባይል ኤምኤምኤስ መልእክት ገጾቹን የሚያሰናዳው በስማይል ነበር። ለዓይነ ስውራን የሚዘጋጀው የዴዚ ተናጋሪ መጽሐፍ ድምፁን ከጽሑፉ ጋር የሚያጣብቀው በእሱ ነው። ከ2011 ወዲህ ያለው ኢፐብ 3 የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍም ትረካው ሲነበብ ቃሉን የሚያደምቅበት ዘዴ ከስማይል የተቆረጠ ነው። በሌላ በኩል በዘመናቸው ገበያውን የሞሉት የት ደረሱ? የእንግሊዝ ዲጂታል ቴሌቪዥን የተጠቀመበት ኤምሄግ-5 ከቴሌቪዥኑ ሣጥን ውጭ ሕይወት አልነበረውም። ፍላሽ ደግሞ የአንድ ኩባንያ ንብረት ስለነበር አዶቤ በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም፣ በዓለም ዙሪያ በእሱ የተሠራ የትምህርት ሥራ በአንድ ቀን ከማሰሻዎች ወጣ።

ዛሬ የሚወራው ስለ ሌላ ወገን ነው። በ2015 የወጣው፣ በ2022 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ጂኤልቲኤፍ ባለ ሦስት አውታር ሞዴልን ወደ ስልክ ለማድረስ ወደር የለውም፤ ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ በየማሰሻው ይከፈታል። ኤምፔግም በ2023 ያወጣውን አዲሱን የትዕይንት ገለጻ በጂኤልቲኤፍ ላይ ነው የገነባው፤ ሦስት አውታሩ ላይ የሚፈስ ቪዲዮና ድምፅ ጨመረበት። ፒክሳር በ2016 ለሁሉም የከፈተው ዩኤስዲ የፊልምና የፋብሪካ ንድፍ ዓለምን ይዟል። ግን የጂኤልቲኤፍ መሠረታዊ ደረጃ ውስጥ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም። ቃል ማስገባት የሚፈልግ ሰው ወይ ቃሉን እንደ ድንጋይ ቅርጽ ይቀርጸዋል፣ ወይ በሥዕል ቀብቶ በገጹ ላይ ይለጥፈዋል። ከዩኒኮድ በፊት የነበረው ልማድ በክብር በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ ሞዴላቸውን ሠርቷል፤ ለቅርስ ጥበቃ ውድ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያን የመሰለ ሞዴል የሚያቀብለው ቅርጽ ብቻ ነው። ጎብኚው ቤተ ጊዮርጊስን ሲነካ በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚመጣው ማብራሪያ ከሞዴሉ ውጭ፣ ሌላ ሰው በሚጽፈው ፕሮግራም ውስጥ መኖር አለበት። የዩኤስዲ ጠበቆች «ተለዋጮች» በሚባለው ዘዴ ቋንቋዎችን ማፈራረቅ ይቻላል ይላሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ግን ዘዴው ስለ ቋንቋ ምንም አያውቅም፤ የመኪናን ቀለም እንደሚያፈራርቅ ነው የሚያፈራርቀው። የቪአርኤምኤል ወራሽ የሆነው ኤክስ3ዲ ግን በ2023 አራተኛ እትሙ የጂኤልቲኤፍን ውበት ተቀብሎ የጽሑፍና የቋንቋ ቦታውን እንደያዘ ቀጥሏል። ተጠቃሚው ጥቂት ነው፤ ሐሳቡ ግን ትክክለኛው ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከገንቢዎች ወገን ይመጣል፦ ኤችቲኤምኤል አሸንፏል፣ ጽሑፍ አለው፣ ቋንቋ አለው፣ ቪዲዮ አለው፤ ስለ ሌላው ማውራት የቤተ መዘክር ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል እቀበላለሁ። ለባቲ ገበያ አገልግሎት ነገ የሚሠራ ሰው ከኤችቲኤምኤልና ከኤስቪጂ ውጭ ቢጀምር ጊዜውን ያባክናል። እንዲያውም ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው የማያነሡት አንድ ጥሩ ነጥብ አላቸው። ትርጉም መስመር መተካት ብቻ አይደለም፤ ቁቤ ረጅም አናባቢንና የጠበቀ ተነባቢን በድርብ ፊደል ስለሚጽፍ፣ የፊደላችን አንድ ምልክት ግን ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለሚይዝ፣ በአማርኛ በአንድ መስመር የሚያልቀው በኦሮምኛ ሁለት መስመር ሊጠይቅ ይችላል። ኤክስ3ዲ ጽሑፍን በቁርጥ ቦታ ስለሚተክል ይህ ያናጋዋል፤ ኤስቪጂም በተስፋፋው እትሙ መስመር ራሱ አይሰብርም። ኤችቲኤምኤል ግን ጽሑፉን እንደ ውኃ ያፈሰዋል። ይህ መከራከሪያዬን ያሻሽለዋል እንጂ አያፈርሰውም፦ ጽሑፍ ለብቻው መቀመጡ አይበቃም፣ መጠኑ ሲለወጥ ትዕይንቱ አብሮ መተጣጠፍ አለበት።

የኤችቲኤምኤል ጉድለት ሌላ ነው። ጊዜን አያውቅም። «ትረካው እዚህ ሲደርስ ይህ ሥዕል ይምጣ» የሚለው ነገር በገለጻው ውስጥ ቦታ ስለሌለው በጃቫስክሪፕት ይጻፋል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ገለጻ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ሁለት ገንቢዎች አንድ ዓይነት ትዕይንት በሁለት የተለያየ መንገድ ይጽፋሉ፤ የተጠቀሙበት ማዕቀፍ በጥቂት ዓመት ያረጃል፤ ሦስተኛው ሰው ሲመጣ የሥራው ሐሳብ ከኮዱ ውስጥ ተፈልቅቆ የሚወጣ አይሆንም። ሀብት ባለበት አገር እንደገና መጻፍ ይቻላል። በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ የተዘጋጀ ይዘት ግን ጥቂትና በጭንቅ የሚገኝ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መሥራቱ የማይታሰብ ነው። ድሃ ቦታ ስለ ደረጃ የመጨነቅ ቅንጦት የለውም የሚሉ ሰዎች ሒሳቡን የገለበጡት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የገበያው ሰው ራሱ ነው፦ ከመጡት ብዙዎቹ አያነቡም፤ ጽሑፍ ለማን? እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአገር ውስጥ አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 የጀመረው የ8028 የገበሬዎች መስመር ስክሪን አያስፈልገውም። ገበሬው ይደውላል፣ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ይመርጣል፣ ቁጥር እየተጫነ ምክሩን ይሰማል፤ ቋንቋዎቹ ኋላ ላይ ጨምረዋል። ይህ ሥዕል የሌለው መስተጋብራዊ ትዕይንት ነው፤ የድምፅ ትዕይንትን ለመጻፍ ከ2004 ጀምሮ ቮይስኤክስኤምኤል የተባለ ደረጃ አለ። የ8028 ትምህርት የድምፅ ቅጂዎቹ ከምርጫው ዛፍ ተለይተው መኖራቸው ነው፦ አዲስ ቋንቋ ሲመጣ ዛፉ እንዳለ ይቆያል፣ ቅጂው ይጨመራል። ስለ ድምፅ ከተነሣ፣ ባቲ ስሟን ለአንዱ ቅኝት የሰጠች ከተማ ናት፤ አንድ ገንቢ ማጀቢያውን በተራ ሚዲ ቢያዘጋጅ በነባሪው ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል የሚከፍል ስለሆነ የክራር ተጫዋች ጆሮ የሚያስተካክለውን ስውር ልዩነት ያጠፋዋል። ኤምፔግ-4 የፈለጉትን ቅኝት በትእዛዝ መጻፊያ ሠርቶ ነበር፤ የተጠቀመበት ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ በቀጥታ መቅዳት ይሻላል፤ ሁሉን ነገር መግለጽ አይገባም።

የሚቀረው የማድረስ ጉዳይ ነው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ዘፈንና መንዙማ ከስልክ ቤት በሚሞሪ ካርድ ይሞላል፣ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይተላለፋል። ስለዚህ ትዕይንቱ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት መከፈት አለበት። በአቃፊ የተበተነ ድረ ገጽ በመንገድ ላይ ግማሹ ይቀራል። ኢፐብ 3 ኤችቲኤምኤልን፣ ኤስቪጂን፣ ፎንቱንና የስማይልን ጊዜ በአንድ ፋይል ስለሚይዝ ዛሬ ካሉት ለዚህ ጉዞ የሚስማማው እሱ ይመስለኛል፤ ንክኪና ጨዋታ ላይ ደካማ መሆኑ፣ አንባቢ ፕሮግራሞቹም እኩል አለመደገፋቸው ሳይካድ። በየቀኑ የሚለዋወጠው ዋጋ በጽሑፍ መልእክት ይምጣ፤ የማይለወጠው ትምህርት በሚሞሪ ይዙር።

ይህን ሥራ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት፣ የዞን ግብርና መምሪያም ይሁን ትምህርት መምሪያ፣ የደረጃዎቹን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም። ውሉ ላይ ግን ያለቀው ቪዲዮ ወይም መተግበሪያ ብቻ ሳይሆን የየቋንቋው ጽሑፍ ለብቻው በዩኒኮድ፣ ድምፁ ለብቻው፣ ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ፣ የጊዜው ቅደም ተከተልም በሚነበብ ፋይል ተለይቶ እንዲረከብ ማስጻፍ ይችላል። ርክክቡ ላይ የሚደረገው ፈተናም ቀላል ነው፦ ፕሮግራም የማያውቅ አንድ የአፋን ኦሮሞ ተርጓሚ ከሚሴ ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አስረዝሞ ይቀይር፣ የራሱን ድምፅ ይቅዳና ይተካ፤ ሥራው ለሠሪው ስልክ ሳይደወል ከተከፈተ ክፍያው ይለቀቅ።